ከእህሉ የሚቀነስ አንድ ስም

"ማሻ አላህ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! የብዙዬን ሰማን። ታዲያ ዋስ አገኘሽላት ወይ?" አለቻት ዘይነባ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና።

ይታይሽ የመጣችው ላምባ ልትገዛ ነበር። ባዶ ጠርሙሷን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ እጇን ሳታነሣ ቀረች። በመካነ ሰላም ገበያ ዳር ያለችው የዘይነባ ሱቅ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ጠባብ ክፍል ናት። መደርደሪያዎቿ ባለፈው ዓመት ባዷቸውን ከርመው አሁን ጨው፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይና የልብስ ሳሙና መልሰው ይዘዋል፤ የሳሙናው ዋጋ ግን በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ ከነበረው አልወረደም። ከወግዲ መንገድ የመጡ ሁለት ሴቶች ጨው እየገዙ ነበርና እነሱም ወሬውን ሰምተው ወደ ይታይሽ ዞሩ።

"የምን ዋስ?" አለች ይታይሽ።

"የትምህርቱ ነዋ! የኔው እንድሪስ መምህራን ማሠልጠኛ ደርሶት፣ ዋስ አምጣ ብለውት በየሰዉ ደጅ ስንከራተት ሰነበትኩ። ያንቺዋ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ከሱም ትበልጣለች። ከነገ ወዲያ ነው እኮ የሚሄዱት። እህል የሚያመጣው መኪና አራግፎ ባዶውን ወደ ደሴ ሲመለስ ሾፌሩ እወስዳቸዋለሁ ብሎኛል።"

"ብዙዬ አልደረሳትም። ነጥቡ አልበቃኝም ብላኛለች።"

"ወላሂ፣ እንድሪስ ስሟን ሰሌዳው ላይ በዓይኑ አይቶታል" አለች ዘይነባ። ከዚያ የይታይሽን ፊት ስታይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠርሙሱን አነሣችና ላምባውን መቅዳት ጀመረች። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ግን ነገሩ አልገባትም። "እልል በይ እንጂ እናቲቱ! ምነው ደነገጥሽ?" አለቻት። ይታይሽ ከንፈሯን ፈገግ አስመስላ ሒሳቧን ከፍላ ወጣች።

መስቀል ካለፈ ሳምንቱ ነበር። ዝናቡ ዘንድሮ በጊዜው ገብቶ በጊዜው ወጥቷል፤ ከከተማው ጫፍ ያለው ገብስ ዘለላ አውጥቶ ሲያዩት ዓይን ያጠግባል። እስኪደርስ ግን ሰው ሁሉ በእርዳታ ስንዴ ነው ያለው። ይታይሽ ጠርሙሷን በነጠላዋ ሸፍና መንገዱ መሐል ላይ ቆመች። ብዙዬ ነጥቡ አልበቃኝም ያለቻት ዕለት ትዝ አላት። ልጅቷ ከደጅ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነበር የነገረቻት፤ እንባ አልነበራትም። ይታይሽ "ደግሞ ትፈተኛለሽ፣ አብሽሪ" ብላ ጀርባዋን ስትዳብሳት ልጅቷ እንደ ግንድ ደርቃ ቆመች። በማግስቱ ተነሥታ ድንጋይ እየፈለጡ እህል ከሚያገኙት የመንገድ ሠራተኞች ጋር ተሰለፈች። ያን ቀን የመሰላት፣ ልጇ ኀዘኗን በሥራ ልትረሳ ያሰበች ነበር።

መጀመሪያ እግሯ ወደ መንገዱ ሥራ አመራ። እዚያ ሄዳ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ለምን ዋሸሽኝ ልትላት። ግን ብዙዬን ታውቃታለች፤ ሰው ፊት ከጠየቋት አንድ ቃል አይወጣትም። ዞር አለችና ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች።

መምህር ክንፈ ብዙዬን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማረ፣ ገና ፀጉሩ መሸሽ የጀመረ የጎጃም ሰው ነው። የመምህራን ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኖ የአዲስ ተማሪዎችን ስም እየመዘገበ ነበር። ይታይሽን ሲያይ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት። "ይግቡ እትዬ ይታይሽ፣ ይቀመጡ። ልብዎ ተመለሰ ማለት ነው?"

"ከምኑ ነው የሚመለሰው?"

"ልጅቷን ከከለከሉበት ነዋ። ሳትፈቅዱላት ቀርታችሁ አይደል? 'ቤተሰቤ እምቢ ብለዋል፣ እናቴ አይሆንም ብላለች' ብላ ነግራኛለች። እኔም ቤት ድረስ መጥቼ ላነጋግርዎ ብል፣ አይምጡ፣ ይቆጣሉ ብላ ለመነችኝ።"

ይታይሽ የተለቀቀላት ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ልጇ እሷን "አልደረሰኝም" ብላ፣ መምህሩን ደግሞ "እናቴ ከለከለችኝ" ብላ በሁለቱ መሐል መንገዱን ዘግታዋለች። ይታይሽም ሳታውቀው ልጇን የከለከለች እናት ስትባል ሰንብታለች። "እኔ?" አለች። "እኔ ነኝ የከለከልኋት? ከሰባት ዓመት በፊት ከወግዲ ተነሥቼ ከተማ የገባሁት ለማን ሆነና? አባቷ በሬውን ሸጦ ደብተር ሲገዛ የነበረው ለማን ሆነና?" ድምፅዋ ከፍ ሲል ራሷን ሰማችና ወደ መስኮቱ ዞረች።  በመስኮቱ በኩል ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ።

ወደ መምህሩ ተመልሳ "ዋስ ይፈልጋል አሉኝ። ማን ይዋሰኛል? ስንትስ ይፈጃል?" አለችው። ምናልባት ልጅቷ የፈራችው ይህን ይሆናል ብላ ነበር።

መምህር ክንፈ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ዋሱ ለእንድሪስ ነው አላት። መምህራን ማሠልጠኛ የሚገባ ልጅ በየወሩ የኪስ ገንዘብ በእጁ ይሰጠዋል፤ ተምሮ ሲጨርስ መንግሥት በመደበው ቦታ ሄዶ ሊያስተምር ይፈርማል፤ ፈርሞ ቢጠፋ የወጣበትን የሚከፍል ሰው ስለሚያስፈልግ ዋስ ይጠራል። ሌላም ዓይነት አለ፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው መሥሪያ ቤቱ ደመወዙን እየከፈለ ይልከዋል። ውጭ አገር የሚላኩም አሉ፤ ለነሱ ቲኬቱም ልብሱም ከሰጪው አገር ነው፣ ግን ከስንት መቶ ተማሪ አንዱ ነው የሚያገኘው። "የብዙዬ ከነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለትምህርቱ ምንም አያስከፍላትም። መኝታ ይሰጣታል፣ ምግብ ይሰጣታል፣ ብትታመም ያሳክማታል። በእጇ ግን አንድ ሳንቲም አይሰጣትም። ዋስም አያስፈልጋት።"

"ኋላስ? ስትጨርስ ክፈዪ ይሏታል?"

"አይሉም።"

"ዕዳ አይደለም?"

"ዕዳ አይደለም፣ እትዬ ይታይሽ።"

ይታይሽ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። "መብሉ እንዴት ነው? ስንቅ ይዘው ነው?"

"የለም። ምግብ ቤት አላቸው። ተሰልፈው ይገባሉ፤ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት።"

"በቀን ሦስት ጊዜ?"

"ሦስት ጊዜ።"

"ዓመቱን ሙሉ?"

መምህሩ አዎን በሚል ራሱን ነቀነቀ። ይታይሽ ወደ ወለሉ አየች። ባለፈው ታኅሣሥ ባሏ ገበየሁ በተስቦ ወድቆ ሳለ፣ ለልጆቹ ይድረስ እያለ የራሱን ድርሻ እንዴት ወደ ጎን ይገፋ እንደነበር አስታወሰች። ከልጆቿ አንዷ በቀን ሦስት ጊዜ ትበላለች። ይህን ለራሷ ቀስ ብላ ደገመችው፤ ሲደገም እውነት መምሰል ጀመረ።

መምህሩ የቀረውን ነገራት። መንገዱ፣ የሌሊት ልብሱ፣ ደብተርና ሳሙናው ከቤት ነው። በጣም ችግረኛ ለሆኑት ግን ዩኒቨርሲቲው ለደብተርና ለሳሙና ትንሽ ይጨምርላቸዋል፤ ብዙ አይደለም፣ ግን አለ። ለሱ ከቀበሌ ችግረኛ ናት የሚል ማስረጃ ያስፈልጋል። "ቀበሌ ይሂዱና ያስጽፉ። 'ከመንግሥት እርዳታ የምታገኝ ተማሪ ስለሆነች' ብለው ይንገሯቸው፣ ይገባቸዋል።"

እርዳታ የሚለውን ቃል ስትሰማ ነበር ነገሩ ሁሉ የተገለጠላት። በእህሉ ሰልፍ ላይ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች! በቀበሌያቸው ያለው የአባተ ቤት ልጃቸው ከመንግሥት አገኘ ተብሎ ከእህሉ ተሰርዟል፤ አንድ ቤት ከመንግሥት በሁለት በኩል እርዳታ አይበላም እየተባለ። ይህን በየሰልፉ የማያወራ ሰው አልነበረም። ብዙዬም ሰምታዋለች። እሷ የመንግሥትን እርዳታ ከተቀበለች እናቷ፣ አክስቷና ሁለቱ ትንንሾቹ ከስንዴው ይሰረዛሉ። ልጅቷ ይህን በልቧ ይዛ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ድንጋይ ልትፈልጥ ወጥታለች።

ከትምህርት ቤቱ ወጥታ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ስትደርስ ግን አልገባችም። ከባሕር ዛፉ ሥር ያለች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ማስረጃውን ሳታስጽፍ ብትቀር ልጅቷ በዝምታ ትሄዳለች፤ ማንም ሳያውቅ የአምስት ሰው ስንዴ እየወሰዱ ይከርማሉ። ግን በዚህ ከተማ ማን ሳያውቅ ይቀራል? ዘይነባ አውቃለች፣ ጨው የሚገዙት አውቀዋል። ገብታ ብትናገር ደግሞ ሊቀመንበሩ እዚያው ብዕሩን አንሥቶ ቤቷን በሙሉ ቢሰርዘውስ? ገብሱ እስኪታጨድ ገና ከወር በላይ አለ። ወንድ ልጇ አምባቸው አሥር ዓመቱ ነው፤ እሱ ይችላል። ትንሿ ሸጋዬ ግን ካለፈው ክረምት ጀምሮ እግሯ ገና አልጠናም። ፀሐይዋ ከባሕር ዛፉ ጥላ ወደ ጫማዋ እስክትመጣ ድረስ ተቀመጠች። ከዚያ "ይህ ሁሉ መች ሊደበቅ" ብላ ተነሣች።

ሊቀመንበሩ ጓድ በላይ የሚባል፣ ከዚህ በፊት ቆዳ ይነግድ የነበረ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ነው። ከጠረጴዛው ዳር ሁለት የኮሚቴ ሰዎች ተቀምጠዋል። ይታይሽ ቆማ፣ ሳትቀመጥ፣ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች፦ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል፤ መንግሥት ሊያበላት ነው፤ ችግረኛ ናት የሚል ወረቀት እፈልጋለሁ፤ ከእህሉ የምትሰርዙን ከሆነም አሁኑኑ ይነገረኝ።

"ለምንድን ነው የምንሰርዛችሁ?" አለ ጓድ በላይ።

"አባተን እንደሰረዛችሁት።"

ሰውዬው ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። "የአባተ ልጅ ሥራ ነው የያዘው። ደመወዝተኛ ነው። ደመወዙ ቤት ይገባል፣ ቤት ከገባ ሸምተው ይበሉበታል። ያንቺዋ ልጅ ደመወዝ አላት?"

"የላትም። በእጇ አንድ ሳንቲም አይሰጧትም።"

"ታዲያ እዚያ ከምታገኘው ላይ ምን ትልክላችኋለች? የምግብ ቤቱን እንጀራ በፖስታ ልትልክ ነው?"

ከኮሚቴዎቹ አንዱ ሳቀ። ሌላውም ተከተለ። ይታይሽም ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጓድ በላይ ግን ሳይስቅ የእህሉን መዝገብ ገልጦ ጣቱን በስሞቹ ላይ አወረደ። "አምስት ናችሁ። ልጅቷ ስትሄድ አራት ትሆናላችሁ፤ የአራት ሰው ትወስዳላችሁ። የሷ ይቀነሳል። የሌለ ሰው አይበላም። በቃ፣ ይኸው ነው።" ከዚያ ደግሞ ቀና ብሎ በለሰለሰ ድምፅ "ይህን ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሚያወራው? መጥታችሁ አትጠይቁም?" አለ።  ሰዉ ሁሉ መጥቶ ለመጠየቅ እንደሚፈራ እሱም ሳያውቅ አይቀርም።

ወረቀቱን አንደኛው ኮሚቴ ጻፈው። ጽፎ ሲጨርስ ጮክ ብሎ አነበበው፦ አባት የሌላት፣ እናቷ ምንም ዓይነት ገቢ የሌላት፣ በቀበሌው ውስጥ እጅግ ችግረኛ ከሆኑት ቤተሰቦች አንዷ። ይታይሽ እያንዳንዱ ቃል ፊቷ ላይ ሲያርፍ ተሰማት። በወግዲ ሁለት ጥማድ በሬ የነበረው ቤት ነበራት። ሆኖም አንገቷን ሳትደፋ አዳመጠችው፤ ማኅተሙ ሲያርፍበትም "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ተቀበለች።

ቤት ስትደርስ የባሏ እኅት ንግሥቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ስንዴ ትለቅማለች። የሚኖሩት በቀበሌ ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ በመሐሉ በተዘረጋ የጆንያ መጋረጃ ወዲያ ልጆቹ፣ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ይተኛሉ። ንግሥቴ ወንድሟን ልትቀብር ከገጠር መጥታ እዚያው የቀረች፣ ልጅ የሌላት፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። ይታይሽ ላምባውን ጥግ አስቀምጣ አጠገቧ ቁጭ አለችና እሷም ከሰፌዱ ላይ መልቀም ጀመረች። ጠጠሩ እየተለቀመ መሬት ላይ ይወድቃል።

"ብዙዬ ፈተናውን አልፋ ነበር" አለች ይታይሽ።

የንግሥቴ እጅ ቆመ። "አውቃለሁ።"

"አወቅሽና ዝም አልሽ?"

"የአባተን ነገር የነገርኋት እኔ ነኝ" አለች ንግሥቴ ሰፌዱን እያየች። "ሰልፍ ላይ የሰማሁትን ነው የነገርኋት። ሂጂም ቅሪም አላልኋት። ካለፈች በኋላ ግን ዝም በይ አለችኝ፤ ዝም አልሁ። ሸጋዬን አየሁና ዝም አልሁ። ገበየሁን የቀበርሁት እኔ ነኝ፣ ይታይሽ። ሌላ መቅበር አልችልም።"

ይታይሽ ልትቆጣት ነበር የተቀመጠችው፤ ቁጣው ግን የት እንደገባ አጣችው። የዚህችን ሴት ፍርሃት ታውቀዋለች፤ ዛሬ ባሕር ዛፉ ሥር ስትቀመጥ የያዛት ያው ፍርሃት ነው። "አይሰርዙንም" አለቻት። "ጠይቄ መጣሁ። የሷ ብቻ ነው የሚቀነሰው።"

ንግሥቴ መጀመሪያ ያልሰማች መሰለች። ከዚያ ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነችና አለቀሰች። ይታይሽ ሰፌዱን ወደ ራሷ ስባ ስንዴውን ለቀመች።

ብዙዬ የመጣችው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ፀጉሯ በድንጋይ አቧራ ነጥቷል፤ የእጇ ጣቶች በጨርቅ ተጠምጥመዋል። ሁለቱን ሴቶች በር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስታያቸው ከደጁ ቆመች። የሆነ ነገር እንደታወቀባት ገባት፤ ዓይኗን ወደ አክስቷ ላከች፣ አክስቷ ዓይኗን ወደ ሰፌዱ መለሰች።

"እኔ መቼ ነው የከለከልሁሽ?" አለቻት ይታይሽ።

ብዙዬ የእጇን ጨርቅ ታጠብቅ ጀመር።

"መምህርሽ ዘንድ ሄጄ ነበር። እናቴ እምቢ አለች ብለሻል። ነጥቡ አልበቃኝም ብትይኝ ይሁን፣ ልጅ ይዋሻል። እኔን ግን ልጄን ያስቀረሁ እናት አደረግሽኝ።"

"ካላልሁት ቤት ድረስ ይመጣ ነበር፣ እማዬ" አለች ብዙዬ። ድምፅዋ ተሰበረ። "ቢመጣ ደግሞ ሂጂ ትዪኝ ነበር። አውቅሻለሁ። ሂጂ ካልሽኝ እሄዳለሁ። እኔ እዚያ እየበላሁ እነ ሸጋዬ..." አልጨረሰችውም።

ይታይሽ ተነሥታ የልጇን የተጠመጠሙ እጆች ያዘች። ከዚያ፣ ከመምህሩና ከሊቀመንበሩ የሰማችውን በራሷ አነጋገር አስረዳቻት። የእንድሪስ የኪስ ገንዘብ ነው፤ ለዚያ ነው ዋስ የሚጠራው። የአባተ ልጅ ደመወዝ ነው፤ ለዚያ ነው ቤቱ የተሰረዘው። ያንቺ መኝታና መብል ነው፤ እዚያው ተበልቶ እዚያው ያልቃል፤ ማንም ኋላ አምጪ አይልሽም፣ ከኛም አፍ ማንም አይነጥቅም። "ስሙ አንድ ነው፣ ሁሉንም እርዳታ ይሉታል፤ ዓይነቱ ግን ለየብቻ ነው" አለቻት። ብዙዬ እንደ ተማሪ ነበር ያዳመጠቻት። ሁለት ጊዜ "እርግጠኛ ነሽ?" ብላ ጠየቀች፤ ሁለት ጊዜ እናቷ ሊቀመንበሩ ያለውን ደገመችላት። የፖስታውን እንጀራ ስትነግራት ልጅቷ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ከመጋረጃው ወዲያ ሲያደምጥ የነበረው አምባቸውም ሳቀ።

ንግሥቴ በዚህ መሐል ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ስትወጣ ወንድሟ ሲለብሰው የነበረውን ጥቁር የበግ ፀጉር ባና ይዛ ነበር፤ ከመጣች ጀምሮ እሷ ነበረች ለብሳው የምትተኛው። አራግፋ አራት አጠፈችውና በብዙዬ ትከሻ ላይ አኖረችው። "አዲሳባም ይበርዳል አሉ" አለች። ብዙዬ አጎንብሳ ጉልበቷን ልትስም ስትል ንግሥቴ በሁለት እጇ ቀና አደረገቻት።

"አንቺስ በምን ትተኛለሽ?" አለቻት ይታይሽ።

"ካንቺ ጋር ነዋ" አለች ንግሥቴ። "አንቺ ትሞቂያለሽ።"

ያን ጊዜ ነው ብዙዬ እንድሪስ ስለሚሄድበት የእህል መኪና ያሰበችው። ሾፌሩ ነገ ጠዋት ሰዎቹን ቆጥሮ ይጨርስ ይሆናል፣ ሾፌሩን ያነጋገረችው ዘይነባ ደግሞ ሱቋን ከዘጋች ቤቷ ከገበያው ማዶ ሩቅ ነው። "አሁን ልሂድና ልንገራት?" አለች። ይታይሽ "ሂጂ" አለቻት። ልጅቷ ባናውን ለእናቷ ሰጥታ ወጣች።

መጀመሪያ እንደ ወትሮዋ በእርጋታ ነበር የሄደችው። የጎረቤቱን አጥር ስታልፍ እርምጃዋ ፈጠነ፤ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ሮጠች። ይታይሽ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። በዚያ መንገድ ላይ ሰው ሲሮጥ ካየች ዓመት አልፏታል፤ ትልቁም ትንሹም ጉልበቱን ቆጥቦ፣ አጥር አጥሩን ይዞ ነበር የሚሄደው። ጎረቤቲቱ ደንግጣ ከቤቷ ብቅ አለች። ሩጫ ያየ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነበር።

"ምነው ይታይሽ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተ" አለች ይታይሽ። "ደኅና ነን። ሱቅ ሳይዘጋ ልትደርስ ነው።"